መስኮቱን ትቶ በበሩ፦ በአልፕስ የእግር ጉዞ ተለዋጭ የተራራ በር አመራረጥ

በሁለት ተራሮች መካከል ዝቅ ብሎ ሰው የሚያሳልፈውን ቦታ የእኛ ሰው በር ይለዋል፤ ጣርማ በርን አስታውሱ። ፈረንሳይኛ የሚነገርበት የአልፕስ አገር ኮል ይለዋል፤ ካርታው ላይም እንዲሁ ተጽፎ ታገኙታላችሁ። ከኮሎቹ መሀል አንዱ ግን ስሙ ለየት ይላል፦ ፌኔትር ዳርፔት። ፌኔትር መስኮት ነው። 2,665 ሜትር ላይ በሾሉ አለቶች መካከል የተከፈተ ጠባብ ክፍተት ስለሆነ ስሙ ልኩ ነው። በር እያለ በመስኮት የሚወጣ ሰው ደግሞ በቂ ምክንያት ሊኖረው ይገባል።

ይህ መመሪያ በሞን ብላን ዙሪያ ለመጓዝ ባሕር ዳር ላይ ሆነው ለሚዘጋጁ ሰዎች ነው። ዙሪያው 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ፈረንሳይን፣ ጣሊያንንና ስዊዘርላንድን ያዳርሳል። ዳገቱ ሲደመር ወደ 10,000 ሜትር ይጠጋል፤ ብዙው ተጓዥ በ10 ወይም በ11 ቀን ይጨርሰዋል። መንገዱ ግን አንድ ወጥ መስመር አይደለም። በየቀኑ ማለት ይቻላል ዋናው መንገድና ተለዋጩ የሚለያዩበት መገንጠያ አለ። የጉዞ መመሪያዎች ተለዋጩን «ይበልጥ ያማረ» ብለው ይጽፉታል፤ አብዛኛውን ጊዜ ይበልጥ የከበደ ማለታቸው ነው።

ተለዋጭ በር ሲመርጡ ሰዎች የሚሳሳቱት ዝቅ ያለውን ቁጥር በመፈለግ ነው። ከጣሊያን ወደ ስዊዘርላንድ የሚያሻግሩ ሁለት ጎረቤታም በሮች አሉ። ግራን ኮል ፌሬ 2,537 ሜትር ነው፤ ፔቲ ኮል ፌሬ 2,490። ግራን ትልቅ፣ ፔቲ ትንሽ ማለት ነው። ቁጥርና ስም ብቻ ያየ ሰው በ47 ሜትር ዝቅ ያለውን ትንሹን ይመርጣል። ትንሹ ግን በጣሊያን በኩል ቀጥ ያለና ጠጠሩ ከእግር ሥር የሚሸሽ ነው፤ ትልቁ ሰፊ፣ ሣር የለበሰ፣ ብዙ ሰው የረገጠው ነው። ከፍታ ድካምን ይለካል፤ አደጋን አይለካም። በር የሚመረጠው በአራት ነገር ነው፦ ቁልቁለቱ ምን ያህል ቀጥ ያለ ነው፣ ፊቱ ወዴት ነው፣ ስንት ሰዓት ይፈጃል፣ ካልሆነ በየት ይወጣል። አራቱም መልስ የሚያገኙት ከቤት ሳይወጡ ነው።

ካርታና ማስመሪያ

ስልክ ላይ ያለ ካርታ መንገድ ላይ ይጠቅማል። ለምርጫ ግን 1:25,000 የወረቀት ካርታ ይሻላል። የስዊዘርላንዱን ክፍል ከአገሩ የካርታ መሥሪያ ቤት ከስዊስቶፖ ድረ ገጽ በነፃ ማየትና ማተም ይቻላል። እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ አለ፦ ፎቶ ኮፒ ቤት ስታሳትሙ ማሽኑ ገጹን ወረቀቱ ላይ ለማስገባት ብሎ ያሳንሰዋል፤ ከዚያ በኋላ የምትለኩት ሁሉ ውሸት ይሆናል። «በመቶ ፐርሰንት አትምልኝ» በሉ፤ ከታተመ በኋላም እዚያው ቆማችሁ የኪሎ ሜትር አራት ማዕዘኑን በማስመሪያ ለኩ። በ1:25,000 ካርታ አንዱ ጎን ልክ 4 ሳንቲ ሜትር መሆን አለበት። 3.7 ከሆነ ድጋሚ አሳትሙ።

በስዊዘርላንድ የተራራ ካርታ ላይ ቀጫጭኖቹ የከፍታ መስመሮች በ20 ሜትር ልዩነት የተሳሉ ናቸው። በየ100 ሜትሩ አንዱ ወፈር ይላል። ማስመሪያውን መንገዱ የሚያልፍበት ተዳፋት ላይ፣ ከወፍራሙ መስመር እስከ ቀጣዩ ወፍራም በአጭሩ አቋርጣችሁ አስቀምጡ። 12 ሚሊ ሜትር ካገኛችሁ ተዳፋቱ 18 ዲግሪ ገደማ ነው፤ 10 ሚሊ ሜትር 22 ዲግሪ፤ 7 ሚሊ ሜትር 30 ዲግሪ፤ 5 ሚሊ ሜትር 39 ዲግሪ። 7 ሚሊ ሜትርን በቃላችሁ ያዙ። ከዚያ የጠበበ ቦታ ሁሉ ላይ በቀይ እርሳስ አስምሩ፤ በረዶ ወይም እርጥብ ሣር ካለበት ያንሸራተተው ሰው ራሱን ማቆም የማይችልበት ቦታ ነው። የፈረንሳይ ካርታ የመስመር ልዩነቱ ሌላ ሊሆን ስለሚችል ከመለካታችሁ በፊት የካርታውን ማብራሪያ ተመልከቱ።

ብዙ ጊዜ የሚነሳ ክርክር አለ፦ «መንገዱ እኮ እየተጠማዘዘ ነው የሚወጣው፤ ተዳፋቱ 35 ዲግሪ ቢሆን ምን አገባኝ?» ስትራመዱ የመንገዱ ዝንባሌ ነው የሚመለከታችሁ፤ ስትወድቁ ግን የተራራው ነው። ሌላው፣ 20 ሜትር የማይሞላ ገደል በሁለት መስመር መካከል ተደብቆ ሊቀር ይችላል። ስለዚህ ከመስመሮቹ ሌላ ካርታው ላይ በጭረት የተሳለውን አለትና በነጥብ የተሳለውን ፍርስራሽ ድንጋይ ፈልጉ። በነጥብ የተሞላ ቦታ ላይ ሰው በሰዓት የሚሄደው ከገመተው በጣም ያነሰ ነው። የፌኔትር ዳርፔት የላይኛው ክፍል እንዲህ ነው፤ ቋጥኝ ከቋጥኝ እየዘለሉ የሚያልፉት፣ ምርኩዝ አጣጥፎ በእጅ የሚያዝበት።

ፊቱ ወዴት ነው?

ይህን ጥያቄ እኛ ስለማንለምደው ረዘም አድርገን እናየዋለን። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ናት። ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ ልክ አናታችን ላይ ታርፋለች፤ በሰኔና በሐምሌ እኩለ ቀን ላይ እንዲያውም ወደ ሰሜን ታዘነብላለች። በዚህ የተነሳ የጣና ዳር ሰው ኮረብታ ሲያይ ፊቱ ወደ ሰሜን ይሁን ወደ ደቡብ አይጠይቅም፤ ሁለቱም ፀሐይ ያገኛሉ። አልፕስ 46 ዲግሪ አካባቢ ነው። እዚያ ፀሐይ ዓመቱን ሙሉ እኩለ ቀን ላይ በደቡብ በኩል ናት። ወደ ደቡብ የተመለከተው ተዳፋት ደርቆ አበባ ሲያወጣ፣ በዚያው ከፍታ፣ በዚያው ቀን፣ ወደ ሰሜን የተመለከተው ከታኅሣሥ የቆየ በረዶ ተሸክሞ ይገኛል።

በረዶ ስንል ደግሞ እኛ የምናውቀው ከዝናብ ጋር የሚወርደውንና ከሰዓት በኋላ የሚቀልጠውን ነው። የአልፕሱ ያደረ በረዶ ነው፤ ቀን ላዩ ይለሰልሳል፣ ሌሊት ይጠጥራል፣ በማለዳ እንደ እምነ በረድ ይሆናል። ካርታው ላይ እያንዳንዱን በር በሁለት ፊት አስቡት፦ የምትወጡበት ፊት አለ፣ የምትወርዱበት ፊት አለ። ቀስት ሳሉበት። ቀስቱ ወደ ሰሜን፣ ሰሜን ምሥራቅ ወይም ሰሜን ምዕራብ ከሆነና ተዳፋቱ ከ30 ዲግሪ በላይ ከሆነ ያ በር በሰኔ ወርና በሐምሌ መጀመሪያ እንደ ተዘጋ ቁጠሩት፤ ክፍት መሆኑን የሚያረጋግጥ ሰው እስክታገኙ ድረስ።

ፌኔትር ዳርፔት ከስዊዘርላንዱ መንደር ከሻምፔ በኩል ሲወጡት ፊቱ ወደ ሰሜን ምሥራቅ ነው፤ ላይኛው ክፍል ቀጥ ያለ ነው። ሁለቱም ምልክት አለበት ማለት ነው። ተለዋጩ የቦቪን መንገድ ደግሞ ከ2,050 ሜትር ከፍ አይልም፤ በግጦሽ መሬትና በጫካ ያልፋል።

የሰዓት ስሌት

አልፕስ ውስጥ የተለመደው ስሌት ይኸ ነው። ሽቅብ በሰዓት 300 ሜትር፣ ቁልቁል በሰዓት 500 ሜትር፣ አግድም በሰዓት 4 ኪሎ ሜትር። የሽቅቡንና የቁልቁሉን ሰዓት ደምሩ። የአግድሙን ለብቻው አስሉ። ከሁለቱ ትልቁን ሙሉ፣ ትንሹን ግማሽ አድርጋችሁ ደምሩ።

ከሻምፔ (1,466 ሜትር) በመስኮቱ በኩል ትሪያን (1,300 ሜትር ገደማ) ለመድረስ ሽቅቡ 1,200 ሜትር ነው፤ 4 ሰዓት። ቁልቁሉ 1,365 ሜትር፤ 2.7 ሰዓት። ድምሩ 6.7። አግድሙ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ፤ 3.5 ሰዓት፣ ግማሹ 1.75። ጠቅላላው ወደ ስምንት ተኩል ሰዓት ነው። በቦቪን በኩል ሽቅቡ 750 ሜትር ገደማ (2.5 ሰዓት)፣ ቁልቁሉ 900 (1.8 ሰዓት)፣ ድምሩ 4.3፤ አግድሙ 16 ኪሎ ሜትር፣ ግማሹ 2 ሰዓት። ጠቅላላው 6.3 ሰዓት። ይህ ሁሉ ያለ ዕረፍት ነው፤ መንገድ ዳር ቢጫ ሰሌዳ ላይ የሚጻፈው ሰዓትም ያለ ዕረፍት ነው። በየሰዓቱ 10 ደቂቃ ስትጨምሩ መስኮቱ 10 ሰዓት፣ ቦቪን ሰባት ሰዓት ከሃያ ይሆናል። ርቀቱ በቦቪን እንደሚበልጥ ልብ በሉ። ኪሎ ሜትር ብቻ ያየ ሰው እዚህም ይሳሳታል።

ስሌቱን ስትጽፉ የሰዓት አቆጣጠሩን አንድ አድርጉ። ቀልድ አይደለም። «12 ሰዓት ላይ ካልደረስን እንመለሳለን» ብሎ የጻፈ ሰው የእኛን ወይስ የእነሱን? የእኛ 12 ጎህ ነው፣ የእነሱ 12 እኩለ ቀን ነው። ከቡድኑ አንዱ እዚያ አገር የኖረ፣ ሌላው ከባሕር ዳር በቀጥታ የመጣ ከሆነ ሁለቱ የተለያየ ነገር ተስማምተው ይሄዳሉ። የጉዞ ወረቀት ላይ ሁልጊዜ በ24 ሰዓት ጻፉ፤ 06:00፣ 14:00 እያላችሁ። በእነሱ በጋ (በእኛ ክረምት) ሰዓታቸው ከእኛ በአንድ ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ለቤተሰብ የምትደውሉበትን ስትቀጥሩ እንዳይጠፋችሁ። የአውቶቡስ መርሐ ግብርም በእነሱ ቀን ነው የሚወጣው፤ ሰኔ 24 ጁላይ 1፣ ሐምሌ 1 ደግሞ ጁላይ 8 ነው።

አልጋው የት ነው?

ሰውን ወደ መጥፎ በር የሚገፋው ድፍረት ብቻ አይደለም፤ የተከፈለበት አልጋም ይገፋል። ማረፊያ ቤቶቹ በሐምሌና በነሐሴ ከወራት በፊት ይያዛሉ። ዛሬ ትሪያን ካልደረሳችሁ የነገው፣ የከነገ ወዲያው ሁሉ ይናጋል፤ እናም ደመናው እየጠቆረ «እንሞክረው» የሚል ሰው ይነሳል። መፍትሔው ጥሩ ተለዋጭ ማለት እዚያው አልጋ የሚያደርስ ተለዋጭ መሆኑን ገና ከጅምሩ ማወቅ ነው። መስኮቱም ቦቪንም ትሪያን ነው የሚያወጡት። ስለዚህ ሻምፔ ላይ መንገድ መቀየር አንድ ሳንቲም አያስከፍልም።

እያንዳንዱን የበር ቀን በሦስት አጥሩት፦ አንደኛ ዋናው በር፣ ሁለተኛ ያው አልጋ የሚያደርስ የእግር ተለዋጭ፣ ሦስተኛ የእግር ያልሆነ። ሦስተኛውን ብዙ ሰው ይረሳዋል። ከሻምፔ በአውቶቡስ ኦርሲዬር፣ ከዚያ በባቡር ማርቲኚ፣ ከዚያ በአውቶቡስ በኮል ደ ላ ፎርክላ በኩል ትሪያን ይገባል። ቀኑን ሙሉ ቢዘንብም ማታ ደርቃችሁ እራት ትበላላችሁ። በመኪና ማለፍ ያሳፍራል የሚል ካለ ከቡድኑ ውስጥ ጉልበቱን የሚያመው ሰው እስኪገኝ ይጠብቅ።

ቪዛውንም ከዚሁ ጋር አስቡት። ሦስቱም አገሮች በአንድ የሸንገን ቪዛ የሚታለፉ ስለሆኑ ከበር ላይ ወደ ጣሊያን መመለስ አዲስ ፈቃድ አይጠይቅም። ቪዛው የሚያልቅበት ቀን ግን ከጉዞው መጨረሻ ቢያንስ ሦስት ቀን ይራቅ፤ አንድ ቀን መጠበቅ ራሱ ተለዋጭ ነውና። ለቪዛው የምትገዙት ኢንሹራንስ በሄሊኮፕተር የተራራ ማዳንን ይጨምር እንደሆነ ጽሑፉን አንብቡ፤ በስዊዘርላንድ ሒሳቡ ለተረጂው ነው የሚመጣው።

ማታውን ማንን፣ ምን ብሎ መጠየቅ

የማረፊያ ቤቱን ኃላፊ «መንገዱ ክፍት ነው?» ብላችሁ አትጠይቁ። «አዎ» ይላችኋል፤ አልታገደም ማለቱ ነው። ይልቅ ሦስት ነገር ጠይቁ፦ ዛሬ ያለፈ ሰው አለ? ከየት ወዴት አለፈ? እግሩ ላይ ምን አድርጎ ነበር? ጥርስ ያለው ብረት ጫማው ላይ ያሰረ የተራራ መሪ ማለፉ እናንተ ታልፋላችሁ ማለት አይደለም። ከወዲያ በኩል ሽቅብ የመጣ ሰው ደግሞ እናንተ ቁልቁል የምትወርዱበትን በረዶ ወደ ላይ ነው የረገጠው፤ ሽቅብ የሚቻል ብዙ ነገር ቁልቁል አይቻልም።

የሚጠቅሙ ጥቂት ቃላት ያዙ፦ ኔዥ በረዶ፣ ኔቬ ያደረ በረዶ፣ ኦራዥ መብረቅ ያለው ዝናብ፣ ፌርሜ ዝግ። የቦታ ስሞችን በካርታው ፊደል ልክ ቅዱ፤ ስትናገሩ ግን መጨረሻ ላይ ያሉትን ፊደላት ዋጧቸው። ሹፌሩን «ሻምፔክስ» ብትሉት ግራ ይጋባል፤ «ሻምፔ» ነው።

የአየር ትንበያ ላይ ሁለት ነገር ፈልጉ። አንዱ መብረቅ የሚጀምርበት ሰዓት ነው። ሌላው የዜሮ ዲግሪ ከፍታ ነው፤ ከበሩ ከፍታ በታች ከወረደ ዝናቡ እዚያ ላይ በረዶ ሆኖ ይወርዳል። ሙቀት በየ100 ሜትሩ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። ሻምፔ 15 ዲግሪ ከሆነ መስኮቱ ላይ 8 ነው፤ በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር የሚነፍስ ነፋስ ሲጨመርበት ሰውነት የሚሰማው ወደ 3 ዲግሪ ይወርዳል። ጋቢ ለባሕር ዳር ማታ ነው፤ ጥጥ ከረጠበ ከብዶ ያቀዘቅዛል። ሱፍ ወይም ሰው ሠራሽ ጨርቅ፣ ከላዩ ነፋስና ዝናብ የማያስገባ ጃኬት ያዙ።

መንገድ ላይ ስትሆኑ

ውሳኔው መገንጠያው ላይ ነው እንጂ በሩ አፍ ላይ አይደለም። መገንጠያውን ካለፋችሁ በኋላ የተለዋጩ ዋጋ በየሰዓቱ ይወደዳል። ከሻምፔ አንድ ሰዓት ያህል ሄዳችሁ አርፔት ሸለቆ ውስጥ ካለው ማረፊያ (1,627 ሜትር) ብትመለሱ ቦቪንን አሁንም ትጨርሳላችሁ። 2,300 ሜትር ላይ ብትመለሱ ቦቪን አልፏችኋል፤ የቀረው አውቶቡሱ ነው።

ያደረ በረዶ ስታገኙ ከመርገጣችሁ በፊት ወደ ታች እዩ። ከሥሩ ሜዳ ከሆነ መንሸራተቱ ቀሚስ ከማራስ አያልፍም። ቋጥኝ ወይም ገደል ከሆነ ሌላ ነገር ነው። ቀጥሎ ተረከዛችሁን በኃይል ምቱበት። ተረከዙ 10 ሳንቲ ሜትር ከገባ ደረጃ እየሠራችሁ ታልፋላችሁ። የጫማው ጠርዝ ከመጫር ካላለፈ ቁሙ። ገና ማለዳ ከሆነና ፀሐይ ልታገኘው ከሆነ አንድ ሰዓት ጠብቆ መሞከር ይቻላል፤ ጥላ ውስጥ ከሆነ አይቻልም። ጫማ ላይ የሚጠለቁ ትንንሽ የሰንሰለት ጥርሶች ለጠፍጣፋና ለለዘብተኛ በረዶ ጥሩ ናቸው። 30 ዲግሪ ላይ ግን የሚሰጡት ድፍረት ከመያዝ አቅማቸው ይበልጣል። እዚያ የሚያስፈልገው ክራምፖን (ጫማ ላይ የሚታሰረው ጥርስ ያለው ብረት) እና የበረዶ መጥረቢያ ነው፤ እሱንም መጠቀም የሚችል እጅ።

መብረቅን በተመለከተ የጣና ታንኳ ቀዛፊ የሚያውቀውን ማወቅ ይበቃል፦ ሐይቁ ጠዋት ጸጥ ይላል፣ ከሰዓት በኋላ ነፋስ ይነሳል፤ ስለዚህ በጠዋት ይሻገራል። አልፕስም በበጋ ከ14:00 በኋላ ነው የሚያጉረመርመው። ብልጭታውን ስታዩ ቁጠሩ፤ ድምፁ እስኪደርስ ያለውን ሰከንድ ለ3 ስታካፍሉ ርቀቱን በኪሎ ሜትር ታገኛላችሁ። ከ30 ሰከንድ በታች ከሆነ ከበሩና ከሸንተረሩ ውረዱ፤ «ትንሽ ነው የቀረን» አይሠራም። ብረት ሰንሰለትና መሰላል ልቀቁ፣ ምርኩዙን አርቁ፣ እርስ በርስ 10 ሜትር ያህል ተራራቁ። መውረጃ ከሌለ እግር ገጥማችሁ ቁጢጥ በሉ እንጂ አትተኙ።

ከበረዶ ግግር የሚወርድ ወንዝ ማለዳ ዝቅተኛ ነው፤ ፀሐይ ካቀለጠችው በኋላ እስከ ምሽት ይሞላል። ድልድይ የሌለው መሻገሪያ ያለበት መንገድ ከሆነ በጠዋት እንዲደርስ አድርጋችሁ አስሉ።

በር በበር

ከሌ ዙሽ ወደ ሌ ኮንታሚን ሲኬድ ኮል ደ ትሪኮ (2,120 ሜትር) ተለዋጭ ነው፤ ከቢዮናሴ የበረዶ ግግር የሚወርደውን ወንዝ በተንጠልጣይ ድልድይ ያሻግራል። አየሩ ከከፋ ዋናው መንገድ በኮል ደ ቮዛ (1,653 ሜትር) በኩል በመንደሮች መሀል ያልፋል። አልጋው ያው ነው፤ ሳታመነቱ ቀይሩ።

ኮል ዱ ቦኖም (2,329 ሜትር) እና ቀጥሎ ያለው ኮል ደ ላ ክሯ ዱ ቦኖም (2,479 ሜትር) አጠገባቸው ተለዋጭ የላቸውም። በሁለቱ መካከል ያለው ድንጋያማ አግድመት በሰኔ በረዶ ይይዛል፤ ጭጋግ ከወረደ መንገዱ ይጠፋል። እዚህ ያለው ተለዋጭ ወደ ሌ ኮንታሚን መመለስ ነው።

ከዚያ በላይ የሚመጣው ኮል ዴ ፉር እንደ መስኮቱ 2,665 ሜትር ነው። ከዋናው መንገድ ያሳጥራል ተብሎ ይመረጣል፤ ማሳጠሩም እውነት ነው። ግን ክሯ ዱ ቦኖም ካለው ማረፊያ ቤት ወደ ሌ ሻፒዩ (1,554 ሜትር) ወርዶ በመኪና መንገዱ ወደ ቪል ዴ ግላሲዬ መውጣት ማንንም ጎድቶ አያውቅም፤ በበጋ ያንን አስፋልት የሚያሳልፍ አነስተኛ አውቶቡስም አለ። ጭጋግ ወይም ያደረ በረዶ ባለበት ቀን ፉርን መምረጥ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ኮል ደ ላ ሴኝ (2,516 ሜትር) ሰፊ ነው፤ ችግሩ ነፋሱ ነው። ግራን ኮል ፌሬን ከላይ አይተነዋል፤ መብረቅ ካለ ትንሹ አያድንም። አንድ ቀን ጣሊያን ውስጥ ኩርማዬር መቀመጥ ይሻላል፣ ወይም በሞን ብላን ዋሻ በአውቶቡስ ወደ ፈረንሳይ፣ ሻሞኒ መሻገር፤ ዋሻው ለጥገና የሚዘጋበት ወቅት ስላለ አስቀድሞ ማጣራት ያስፈልጋል። ኮል ደ ባልም (2,191 ሜትር) ቀላል ነው፤ ለዝናብ ቀን ከሻትላር በቫሎርሲን በኩል ሻሞኒ የሚወስድ ባቡር አለ።

መጨረሻ ላይ ከትሬ-ለ-ሻን ወደ ቴት ኦ ቫን (2,132 ሜትር) የሚወጡት የብረት መሰላሎች አሉ። ሲደርቁ ከፍታ ለማይፈራ ሰው አስደሳች ናቸው። እርጥብ ከሆኑ፣ ጀርባችሁ ላይ ከባድ ቦርሳ ካለ ወይም ከቡድኑ አንድ ሰው እንኳ ጥልቅ ነገር ሲያይ የሚያዞረው ከሆነ ከኮል ዴ ሞንቴ (1,461 ሜትር) የሚነሳው መንገድ ያለ መሰላል እዚያው ያደርሳል።

ባሕር ዳር ላይ ሳላችሁ

ከተማዋ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ስለሆነች ትንፋሻችሁ ከብዙ አውሮፓዊ ይሻላል፤ ሻምፔ እንኳ ከእናንተ ሰፈር ዝቅ ያለ ነው። ችግሩ ጉልበት ነው። ሐይቅ ዳር ያለው መንገድ ሜዳ ስለሆነ ቁልቁለት የለመደ ጭን አያወጣም፤ መስኮቱ ደግሞ 1,365 ሜትር ቁልቁል ነው። የበዛዊትን ዳገት አንድ ጊዜ በስልክ ከፍታ መለኪያ ለኩ፤ 1,200ን ላገኛችሁት ከፍታ ስታካፍሉ የሚወጣው የአንድ ቀን ዙር ቁጥር ነው። በመጀመሪያው ሳምንት ሩቡን፣ በስድስተኛው ሙሉውን አድርሱ። ቦርሳችሁ ውስጥ ባለ ሁለት ሊትር አራት ሃይላንድ ውኃ ጨምሩ፤ 8 ኪሎ ይሆናል። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ጫፍ ላይ ውኃውን አፍስሳችሁ ባዶ ውረዱ፤ ጉልበት የሚጎዳው ሲወርዱ ነውና። ከሦስተኛው ሳምንት ጀምሮ ሁለቱን ሃይላንድ ሙሉ አድርጋችሁ ውረዱ፣ ከአምስተኛው አራቱንም።

ስድስት ሳምንት ሠርታችሁ ሙሉውን ዙር መጨረስ ካቃታችሁ መስኮቱን ከወረቀታችሁ ላይ ሰርዙት።

የኪስ ወረቀት

ለእያንዳንዱ የበር ቀን አንድ ቁራጭ ወረቀት ጻፉ፤ ላስቲክ ውስጥ አድርጋችሁ ሁሉም ሰው በኪሱ ይያዝ። የሻምፔው እንዲህ ሊሆን ይችላል፦

ዋና፦ ፌኔትር ዳርፔት፣ 2,665። መነሻ 06:00።
የሚሰረዝበት፦ ትንበያው ከ15:00 በፊት መብረቅ ካለ፤ ትናንት ያለ ክራምፖን ያለፈ ሰው ካልተገኘ፤ ከቡድኑ የአንዱ ጉልበት ካበጠ።
07:00 አርፔት ማረፊያ። እዚህ ደመና ሸንተረሩን ከሸፈነ ወደ ቦቪን።
09:30 ከ2,100 ሜትር በታች ከሆንን መመለስ።
12:00 መስኮቱ ላይ ካልደረስን መመለስ፣ የትም ብንሆን።
ሁለተኛ፦ ቦቪን፣ 6.3 ሰዓት እና ዕረፍት፣ አልጋው ያው።
ሦስተኛ፦ ሻምፔ፣ ኦርሲዬር፣ ማርቲኚ፣ ትሪያን። የመጨረሻው አውቶቡስ ሰዓት ማታውን ይጻፍ።
አደጋ፦ 112 በሦስቱም አገር። ስዊዘርላንድ ሄሊኮፕተር 1414፣ በቫሌ ክልል 144።
ስልክ ካልሠራ፦ በደቂቃ 6 ጊዜ ፉጨት ወይም መብራት፣ አንድ ደቂቃ ዝምታ፣ እንደገና። መልሱ በደቂቃ 3 ነው።
ሄሊኮፕተር ሲመጣ፦ ሁለት እጅ ወደ ላይ «አዎ፣ እርዱን»፤ አንድ እጅ ወደ ላይ፣ አንዱ ወደ ታች «አያስፈልግም»።